ቡናው ያለበት መስመር

ሚዛን ተፈሪንና ቴፒን ያላያችሁ ብዙ ትሆናላችሁ፤ እኔም እስከ ሃምሳ ዓመቴ አላየኋቸውም። በዚያ አቅጣጫ ከመርካቶ ርቄ የሄድኩት ዓለም ገና ድረስ ነው፤ እሱም የተበላሸ ዕቃ ለመመለስ። ልጅ ሆኜ ካልሲና ምላጭ ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ እሸጥ ነበር፤ አሁን ታኬታና ማልያ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ትቼ የቀረውን አውቶብስ ተራ ጨረስኩት። እዚህ ጽሑፍ ላይ ስህተት ያገኘ ሰው አቤቱታውን እዚያ ያቅርብ።

የሄድኩት ከታምራት ጋር ነው። ታምራት የእህቴ የአስቴር ባል ነው። አሥራ አምስት ዓመት በትልልቅ ክለቦች በመስመር ተከላካይነት ተጫውቷል፤ የብሔራዊ ቡድንም ማልያ ለብሷል። ኳስ ለማትከታተሉ ሥራውን ላስረዳ። የመስመር ተከላካይ ቦታው ከኋላ ጥግ ነው። የእሱ ዓይነቱ ግን ከዚያ ጥግ ተነስቶ እስከ ባላጋራ ማዕዘን ይሮጥና ያሻማል፤ ኳሷ ከተነጠቀች ደግሞ ያንኑ መንገድ ሮጦ ይመለሳል። አጥቂው ሲያገባ ስሙ ይጠራል። ያሻማው ሰው ግን "ጥሩ ኳስ መጣች" ተብሎ ይታለፋል፤ ኳሷ በራሷ ፈቃድ የመጣች ይመስል። እኔ ታኬታ ሻጭ ስለሆንኩ ሰውን በሶሉ አውቃለሁ። የአጥቂ ሶል ጫፉ ላይ ያልቃል፤ የመሀል ተከላካይ ሶል ዓመት ይቆያል። የታምራት ግን ጫፉም ተረከዙም እኩል ነበር የሚያልቀው፤ ያውም በሦስት ወር። መጀመሪያ የተዋወቅነውም "የሸጥክልኝ ታኬታ አይረባም" ብሎ ሊጣላኝ ሲመጣ ነው። ሶሉን ገልብጬ አየሁትና "ወንድሜ፣ ታኬታው ምንም አልሆነም፤ አንተ ነህ የምታበዛው" አልኩት። ከዚያ በኋላ ሌላ ሱቅ አልገባም፤ እህቴንም ያየው እዚያው ነው።

ባለፈው ዓመት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ታከመ፣ ተመለሰ፣ ጉልበቱ እንደገና አበጠ። ሐኪሙ "ለመሄጃ ይሆንሃል፣ ለመጫወቻ ግን አይሆንህም" አለው። ክለቡ ያውቃል፣ አስቴር ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። የማያውቁት እናቱና መንደሩ ብቻ ናቸው። እትዬ አበበች ከቴፒ ወጣ ባለች መንደር ቡና ያመርታሉ። ልጃቸውን ስታዲየም ገብተው አላዩትም፤ በቴሌቪዥንም "ልጄን በሳጥን አላይም" ብለው እምቢ እንዳሉ ነው። መንደሩ ለእሁድ ጨዋታ አዘጋጅቶ ጠርቶታል። የታምራት ሐሳብ እናቱ ፊት አንዴ እስከ ላይ ሄዶ መመለስ፣ ከዚያ "ጨረስኩ" ብሎ መንገር ነበር። ጉልበቱ ያችን አንዷን ሩጫ ይሰጠው እንደሆነ ማንም አያውቅም።

አስቴር እጄ ላይ ያለውን ሰዓት እያየች "ሠላሳ ደቂቃ" አለችኝ። "ከዚያ አንተ ታስወጣዋለህ። ካላስወጣኸው ሁለታችሁም ወደዚህ አትምጡ።"

ሐሙስ

ጎሕ ሳይቀድ ተሳፈርን። ለጨዋታው በስጦታ ይዤ የመጣሁት ሃያ ሁለት ማልያ በማዳበሪያ ታስሮ አውቶብሱ ጣሪያ ላይ ወጣ። ታምራት ጉልበቱን ለረጅም ሰዓት ማጠፍ ስላልቻለ እግሩ መተላለፊያው ላይ ተዘርግቷል። ረዳቱ ትኬት እየሰበሰበ ደርሶ እግሩን አየ፤ ቀጥሎ ፊቱን አየ።

"አንተ ያ የግራ መስመሩ አይደለህም?"

"ነኝ።"

"ያችን የፍጻሜ ጨዋታ አልረሳትም። ጎሏ የገባችው ባንተ በኩል ነው።"

"አዎ፣ በእኔ በኩል ነው።"

"የት ሄደህ ነው ግን?"

"ላይ ነበርኩ።"

"ላይ ምን ትሠራለህ? ተከላካይ አይደለህ እንዴ?"

ከዚህ በላይ አልታገሥኩም። "ለፍጻሜ ያደረሰቻችሁን ኳስ ማን አሻማት?" አልኩት።

ረዳቱ ትንሽ አሰበ። "እሷንማ አጥቂው ነው ያገባት።"

አውቶብሱ ለሁለት ተከፈለ። አንድ ቄስ ከእኛ ጋር ሆኑ፤ ሕፃን ያዘለች ሴት ከረዳቱ ጋር ሆነች። ጊቤ ወንዝ እስክንወርድ ክርክሩ አልበረደም። ታምራት መስኮቱን ተደግፎ ይስቃል፤ አሥራ አምስት ዓመት ሲባል የሰማው ነገር ነው። ወንዙን እንደተሻገርን ግን ረዳቱ መጣና ከሾፌሩ አጠገብ ያለውን የራሱን መቀመጫ አሳየው። "እዚያ ዘርጋው። ጎሏን ግን ይቅር አላልኩህም።" እሱ ራሱ ጅማ ድረስ በር ላይ ቆሞ ሄደ። መርካቶ ውስጥ ይቅር ያላለህ ሰው መቀመጫ አይሰጥህም።

ጅማ ያረፍንበት ሆቴል አልጋው ለአጭር ሰው የተሠራ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ያበጠውን ጉልበት አይተው ምንም ሳይጠይቁ ከፍሪጅ በረዶ በፌስታል አመጡ፤ የቢራ ሳጥን ገልብጠውም ከእግሩ ሥር አደረጉለት። ራት አጥንት የበዛበት ቅቅል ነበር። "ይሄ ለጅማት ነው" እያሉ የእኔን ሥጋ ጭምር ወደ እሱ ሳህን አሻገሩት። እኔም ጅማት አለኝ፤ የጠየቀኝ ግን የለም።

ዓርብ

ከጅማ ወደ ቦንጋ መንገዱ ጫካ ለጫካ ይጠማዘዛል። እኔ ዛፍ የማውቀው በአጣና መልክ ነው፣ ተቆርጦና ተደርድሮ። እዚህ ግን ቆሞ ነው ያለው፤ ሽበት የመሰለ ነገር ከቅርንጫፉ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩም ጭጋግ ተኝቶ። ቦንጋ ላይ አንዲት ነጋዴ ሴትና ሌሎች ሰዎች ወረዱ፣ ዕቃም ወረደ፤ እኛ ቀጠልን።

ሚዛን ስንደርስ ዝናቡ እየወረደ ነበር። ማዳበሪያዬን ተቀብዬ ክብደቱ አልጣመኝም። ፈታሁት፤ ነጭ ሽንኩርት ነው። የእኔው ማዳበሪያ፣ መጠኑም ገመዱም አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ተሳስቶ ቦንጋ ላይ ወርዷል ማለት ነው። በእኛ ሰፈር ዕቃህ ከዓይንህ ከተሰወረ ሌላ ሱቅ ተሰቅሎ ነው የምታገኘው። ስለዚህ ማልያውን ረስቼ ነጭ ሽንኩርቱን እዚያው ገበያ ላይ ስለማራገፍ ማሰብ ጀመርኩ። ታምራት "ቆይ፣ እስከ ነገ እንጠብቅ" አለ። "ባለ ሽንኩርቷም ይሄኔ ስላንተ እንደዚህ እያሰበች ይሆናል" አለኝ። ትንሽ አፈርኩ።

ሚዛን ዳገትና ቁልቁለት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ሰዉ እርስ በርሱ ቤንችኛ ያወራል፤ እኔ ስደርስ ወደ አማርኛ ይዞራል፤ ሳልፍ ይመለሳል። እንደዚህ ያለ ጨዋነት ለደንበኛ እንኳን አይቼ አላውቅም። ያደርንበት ሆቴል ለራት ጎደሬ በሚጥሚጣ አቀረቡልን። ጎደሬ እንደ ድንች ያለ ሥራ ሥር ነው፤ ከድንች ግን ይከብዳል፤ ሁለት ከበላህ ሦስተኛውን የምታየው ብቻ ነው። አሳላፊው ታምራትን አውቆታል። ሒሳብ ስጠይቅ "ከዚህ ሰፈር ወጥቶ ባንዲራ የለበሰ ሰው በልቶ አይከፍልም፤ አንተ ግን ትከፍላለህ" አለኝ። ኮርቼ ከፈልኩ።

ቅዳሜ

ጠዋት አሳላፊው ሮጦ ጠራን። ከቦንጋ የመጣ ሚኒባስ ሾፌር ማዳበሪያዬን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ባለ ሽንኩርቷ ከመናኸሪያ የአውቶብሳችንን ረዳት ስልክ ጠይቃ፣ ያረፍንበትንም አጣርታ ነው የላከችው። "ሃያ ሁለት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ ብላለች" አለ ሾፌሩ። ከማልያው መሀል በጨርቅ የተቋጠረ ኮረሪማ አለ፤ ለመንገላታትህ ማለቷ ነው። ነጭ ሽንኩርቷን እንዳለ ላክሁላት፤ አንዲት ራስ እንኳን አልጎደለችም። ትናንት ያሰብኩትን ለዚያች ሴት እንዳትነግሩብኝ።

ሚዛንና ቴፒ ቅርብ ናቸው፤ ወደ ቴፒ በወረድክ ቁጥር ግን ሙቀቱ ይጨምራል። መንገዱ ግራና ቀኙ ቡና ነው። እንደ ጎመን መደብ የተደረደረ እንዳይመስላችሁ፤ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ተጠልሎ ነው የሚበቅለው። አገሩ በሙሉ ጥላ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ቴፒ ላይ የተቀበለን ደሳለኝ ነው። የታምራት የልጅነት ጓደኛ፣ አሁን ባለ ባጃጅ፣ በነገው ጨዋታ ደግሞ የባላጋራው ቡድን አጥቂ። ገና ሳንሳፈር ጀመረ።

"ታሜ፣ ወፍረሃል።"

"ጡንቻ ነው።"

"ጡንቻ ሆድ ላይ አይወጣም። ነገ በአንተ በኩል ነው የምመጣው፣ ልንገርህ።"

"ሁሉም በእኔ በኩል ነው የሚመጣው።"

መንደሩ ስንደርስ ባጃጁን ኳስ ሜዳው ዳር አቆመና ታሪኩን ለእኔ ነገረኝ። ያ ሜዳ በዚያ መንደር ብቸኛው ገላጣ ቦታ ነው። ሌላው ሁሉ ጥላ ስለሆነ፣ ቡና ሲለቀም ፀሐይ የሚያገኝ መሬት እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ በለቀማ ወራት የሜዳው አንዱ ጎን በሙሉ ለማስጫ ይለቀቃል። በሰሌን በሰሌን ቀይ ቡና እንዲደርቅ ይሰጣል፤ ልጆቹ በተረፈው ይጫወታሉ። ሕግ ግን አለ። ኳስ ቡናው ላይ የጣለ ተጫዋች ከሜዳ ወጥቶ ቡናውን በእጁ ይገለብጣል፤ ባለቤቷ "ይበቃል" እስክትል አይመለስም።

"ማንም በዚያ በኩል መጫወት አይፈልግም ነበር" አለ ደሳለኝ። "እኔ አንዴ ጥዬ ከምሳ እስከ ማታ ገልብጫለሁ። መሬቱም ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው አይችልም። ታሜን እናቱ ቡናዋን እንዲጠብቅ እዚያ አቆመችው። አጥቂም ተከላካይም ብቻውን ሆነ። ከእረፍት በኋላ ቡድኖቹ ጎል ሲቀይሩ ቡናው ወደ ቀኙ ይዞራል፤ እሱም ተከትሎ ይዞራል። ሁለቱም እግሩ የሠራው ለዚህ ነው።"

እኔ ስንት አሰልጣኝ "ይህን ልጅ እኔ ነኝ የሠራሁት" ሲል ሰምቻለሁ። ለካ መጀመሪያ የተከላከለው የእናቱን ቡና ነው።

"አንድ ቀን እንኳን አልጣለም?" አልኩ።

"ኳስ ቡናው ላይ? ታሜ? አንድ ቀን እንኳን።"

ዛሬ ግን ሜዳው ባዶ ነበር። ለታምራት ክብር ብለው ሁሉንም ሰሌን ጠቅልለው ትምህርት ቤቱ ግቢ ወስደውታል፤ መስመሩም በኖራ ተቀብቷል። ታምራት አመሰገነ፤ ግን ያንን ጎን ቆሞ ሲያየው ዕቃው የተነሳበት ቤት የገባ ሰው ይመስል ነበር።

እትዬ አበበች ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በሸኮኛ ነው፤ አማርኛቸው አጭር ነው፤ የተረፈ ቃል የለበትም። ልጃቸውን አቅፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጨሞ ቀዱልን፤ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር የፈላበት፣ የሚያቃጥል መጠጥ ነው። ፍሬውን ለእኛ ይሸጡና እነሱ ቅጠሉን ይጠጣሉ። ከሁለታችን ማን እንደተሞኘ እስካሁን እያሰብኩ ነው።

"ቡናውን የት ወሰዱት?" አሉ እትዬ አበበች።

"ትምህርት ቤት፣ እማ። ለእኔ ክብር ብለው ነው።"

"እዚያ ጥላ ነው" አሉ።

እኔም ወሬ ለመጨመር "ድሮ ሲጫወት ያዩት ነበር?" አልኳቸው።

"አላይም። ቡና ላይ አጎነብሳለሁ። እግሩን እሰማለሁ። ሲሄድ ሁሉም ይሰማል፣ ይጮኻል። ሲመለስ እኔ ብቻ እሰማለሁ።"

ታምራት ጨሞውን ትኩር ብሎ ያይ ነበር። ያን ማታ ሊነግራቸው አፉን ሁለት ጊዜ ሲከፍት አይቻለሁ።

እሁድ

ማልያዬን ሳከፋፍል ሁለቱም ቡድን አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። ሃያ ሁለቱንም ከአንድ ጥቅል ስገዛ ስለ ጨርቁ እንጂ ስለ ቀለሙ አላሰብኩም። ታኬታና ማልያ ነጋዴ ነኝ ብዬ ለመንደሩ ሁሉ አውርቼ ነበር። ደሳለኝ ቡድኑን ማልያውን ገልብጠው እንዲለብሱ አደረገ። "ጋሽ ወልዴ፣ በሚቀጥለው ሱሪም አምጣልን፣ እሱንም እንገለብጠዋለን" አለኝ።

ጨዋታው ለእያንዳንዱ አጋማሽ ሠላሳ ደቂቃ ነበር። እትዬ አበበችን በክብር ድንኳን ሥር ከቀበሌው ሊቀ መንበር አጠገብ አስቀመጧቸው፤ ከመስመሩ በጣም ይርቃል። ታምራት በግራ ቆመ። ቆመ ነው ያልኩት። ኳስ ይቀበላል፣ አጠገቡ ላለው ይሰጣል፣ ይቆማል። ሰው መጀመሪያ አጨበጨበ፤ ቀጥሎ ማጉረምረም ጀመረ። ከኋላዬ አንዱ "በቴሌቪዥን የሚሮጠው ወንድሙ ነው እንዴ?" አለ። ዞሬ አየሁት፤ ጥያቄው ግን እኔም ውስጥ ነበር። ደሳለኝ "ታሜ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ ለመቆም ነው የመጣኸው?" ይለዋል። ታምራት ሩጫውን ሳይሆን ድፍረቱን እየፈለገ ነበር፤ በዚያ ነጭ መስመር ላይ ግን አላገኘውም።

ሠላሳ ደቂቃ ሞላ። ለእረፍት ሲወጡ ሄጄ "አለቀ" አልኩት። ጉልበቱን እያሸ "አውቃለሁ" አለ።

በዚህ መሀል እትዬ አበበች ከክብር ወንበራቸው ተነሱ። ሊቀ መንበሩ "ወዴት ነው?" እያላቸው አልፈውት ሄዱ። ትምህርት ቤት ግቢ ገብተው ሰሌናቸውን በጀርባቸው፣ ቡናቸውን በቅርጫት ይዘው ወጡ። በነጩ መስመር ላይ ሰሌኑን ዘረጉና ቡናውን አሰጡት።

ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ መጣ። "እናቴ፣ ይሄ የሜዳ ክልል ነው።"

"እኔ ስመጣ ሜዳ የለም፣ ቡና አለ" አሉት፤ ቀና ሳይሉ።

ሌሎቹ ሴቶች ይህን አዩ። አንዷ ተነሳች፣ ሦስት ተነሱ፣ ከዚያ ሁሉም። እረፍቱ ሳያልቅ ያ ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ሆነ፤ ለመሮጫ የቀረው ጠባብ መንገድ ብቻ ነው። ዳኛው ትንሽ አሰበና ከኖራው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አዲስ መስመር በእግሩ አሰመረ። ከዚያም ጮክ ብሎ "ሕጉን ሁሉም ያውቃል" አለ።

ታምራት ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ተለውጧል፤ ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት በታኬታው ሊጣላኝ የመጣው ሰውዬ ነው።

"ጋሼ፣ አንዴ ልሂድና ልመለስ።"

ሰዓቴን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። አስቴር፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ ባትሪው ነው ያለቀው።

ቡድኖቹ አቅጣጫ ቀይረዋልና ቡናው አሁን በቀኝ ነው። ታምራት ማንም ሳያዘው ወደ ቀኝ ሄደ። ብዙ አልቆየም፤ ኳስ ከመሀል ወደ እሱ መጣች፤ ተቀበላት፤ ሄደ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ከግራው ተጫዋች ይገፋዋል፣ በቀኙ ቡና አለ፤ እሱ በመሀል እንደ ክር ያልፋል። አንዱን አለፈ፤ ሁለተኛውን በቡናው ጠርዝ ላይ አለፈ፤ አንዲት ፍሬ አልተነካችም። ሜዳው በሙሉ ተነስቷል። ማዕዘን አጠገብ ደርሶ በቀኝ እግሩ አሻማ። አጥቂ የነበረው የመንደሩ ግንበኛ በግንባሩ ገጫት፤ ከባሕር ዛፍ ቋሚው ጋር ተላተመች፤ ተመልሳም ባላጋራ እግር ሥር ወደቀች።

ባላጋራው ደግሞ ሁሉም እንደሚያደርገው አደረገ፤ ታምራት ትቶት ወደወጣው ባዶ ቦታ በረጅሙ ላካት። ደሳለኝ ብቻውን ነበር።

ሰው ሁሉ ደሳለኝን ያያል። እኔ እትዬ አበበችን አየሁ። አጎንብሰዋል፤ እጃቸው ግን ቡናው ላይ ቆሟል። ታምራት እየተመለሰ ነው። ሲሄድ በሁለት እግሩ ነበር፤ ሲመለስ በአንድ እግርና በግማሽ። እንደዚያ ያለ ሩጫ ስታዲየም ውስጥ አይቼ አላውቅም፤ አይቼም ከሆነ ኳሷን ስከተል አልፎኛል። በእናቱ ፊት ሲያልፍ የታኬታው ድምፅ አንዱ ጠንካራ፣ አንዱ ደካማ ሆኖ ይሰማል። እሳቸው ቀና አላሉም። ደሳለኝ ሊመታ እግሩን ሲያነሳ ታምራት ከጎን ተንሸራተተና ኳሷን ነጠቃት፤ ወደ ውጭም መታት።

ኳሷ ቡናው መሀል አረፈች። ፍሬው ተበተነ።

ደሳለኝ መሬት ላይ ተቀምጦ "ታሜ ጣለ" አለ፤ ያየውን ያላመነ ይመስል።

ታምራት ተነሳ። እያነከሰ ከሜዳ ወጣና እናቱ አጠገብ ተንበረከከ፤ በደኅናው ጉልበቱ። በሁለት እጁ መገልበጥ ጀመረ። ጨዋታው ቀጠለ፤ እኔ ግን ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜ ነበርና ሰማሁ።

"እማ።"

"እ።"

"ጨረስኩ። ጉልበቴ እምቢ አለ። ከዚህ በኋላ አልጫወትም።"

እትዬ አበበች የተበተነውን ሰበሰቡ። "ሰማሁት" አሉ። "ስትመለስ ሰማሁት።" ከዚያ ወደ ሰሌኑ ጫፍ ጠቆሙ። "በዚያ በኩል ረጥቧል። ገልብጥ።"

ጨዋታው በማን አሸናፊነት እንዳለቀ ጠይቁኝ፤ አላውቅም። ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ በሰሌኑ አጠገብ እያለፈ ነበር፤ ባርኔጣ ያለው ባርኔጣውን ያነሳል። ከኋላዬ ያጉረመረመው ሰውዬ ሲደርስ እጅ ነሳ። እኔ የዚያ ሰው አማች ነኝ ብዬ ለማላውቀው ሁሉ ነገርኩ።

ማክሰኞ

በሁለት ቀን ብቻዬን ተመለስኩ። ከጅማ ያ ረዳት እንደገና ገጠመኝ፤ "ባለ ጎሉስ?" አለኝ። የሆነውን ነገርኩት። ጊቤ ስንደርስ ተመልሶ መጣና "እንግዲህ ያችንም ጎል ይቅር ብዬዋለሁ በለው" አለ።

ቤት ስደርስ አስቴር በር ላይ ነበረች። በትከሻዬ አሻግራ መንገዱን አየች።

"ባሌስ?"

"ቡና እየገለበጠ ነው" አልኳት። "እናቱ ገና ይበቃል አላሉትም።"